የከሰል አገር ፎቶግራፍ አንሺ፤ አልበርት ሬንገር ፓች

ፎቶግራፍ አንሺ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሙሽሮችን አሰልፎ ቀና በሉ እያለ የሚያነሳው ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጀርመናዊ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ሰው በማይታይበት ሥፍራ የከሰል ጉድጓድና የፋብሪካ ጢስ ማውጫ፣ የዛፍ ግንድና ድንጋይ ሲያነሳ ነው።

አልበርት ሬንገር ፓች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በቩርትስቡርግ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) አባቱ ለራሱ ደስታ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ነበርና ልጁም ካሜራ የለመደው ገና በሕፃንነቱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ በድሬዝደን የኬሚስትሪ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ እንጀራው ከካሜራው ሆነ።

በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍን ከሥነ ጥበብ ለማስቆጠር የሚሹ ብዙዎች ሥዕሉን ሆን ብለው ያደበዝዙት፣ በብሩሽ የተቀባ ያስመስሉት ነበር። ሬንገር ፓች ይህን አልወደደም። ካሜራ የራሱ ዓይን አለውና ነገሩን ጥርት አድርጎ እንደ ሆነው ያሳይ ባይ ነበር። በ1928 ዓ.ም. 100 ፎቶግራፎች የያዘ መጽሐፍ አወጣ። እርሱ «ነገሮች» ሊለው ሲያስብ፣ አሳታሚው «ዓለም ውብ ናት» ብሎ ሰየመው። ስሙ ገበያ ቢስብም ለደራሲው መዘዝ ሆነበት። ዋልተር ቤንያሚን የተባለው ሐያሲ፣ ሁሉን የሚያስውብ ካሜራ ድህነትን እንኳ ለመደሰቻ ያደርገዋል፤ የፋብሪካ ግንብ ፎቶግራፍም በውስጡ ስለሚደክመው ሠራተኛ ምንም አይነግረንም ሲል ነቀፈው።

ነቀፌታው ከፊሉ እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከ1927 እስከ 1935 ዓ.ም. በሩር አውራጃ ያነሳቸውን ሥዕሎች ያየ ሰው ፍርዱን ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። በእነዚህ ላይ የሚታየው ከሠራተኞች ቤት ጓሮ ያለው የአትክልት መደብ፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ፣ ጭቃማ መንገድ፣ ከበስተኋላም የአፈር ክምርና የጉድጓድ ማማ ነው። ገጠሩ አላለቀም፤ ከተማውም አልሆነም። ይህ ማስዋብ ከተባለ ምን ማስዋብ ነው?

መኖሪያውን በኤሰን ከተማ አድርጎ ሳለ በ1933 ዓ.ም. በፎልክቫንግ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ከባዱ መከራ የደረሰበት በ1944 ዓ.ም. ነው። በኤሰን ላይ የዘነበው ቦምብ ካከማቸው ኔጋቲቭ አብዛኛውን አቃጠለበት። የሃያ ዓመት ድካም በአንድ ጊዜ ሲነድ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። እርሱ በ47 ዓመቱ ካሜራውን ይዞ ቫሜል ወደምትባል መንደር ገባና ሥራውን ቀጠለ፤ ፊቱንም ወደ ዛፍና ወደ ድንጋይ መለሰ። የዛፎቹ መጽሐፍ በ1962 ዓ.ም.፣ የድንጋዮቹ በ1966 ዓ.ም. ወጣ። ያረፈውም በዚሁ በ1966 ዓ.ም. ነው።

ያነሳቸው የከሰልና የብረት ሥራዎች ከእርሱ በኋላ አንድ በአንድ ተዘጉ። በኤሰን የሚገኘው የጾልፈራይን ጉድጓድ 12 በ1932 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቀን እስከ 12,000 ቶን ከሰል እንዲያወጣ የታቀደ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. ተዘጋ። በአጠገቡ ባለችው በዱይስቡርግ የማይደሪህ የብረት ማቅለጫ በ1985 ዓ.ም. እሳቱ ጠፋና ሥፍራው በ1994 ዓ.ም. መናፈሻ ሆነ። ሰው ሲሄድ ቀድሞ የገባው በርች የተባለው ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ ነው። ዘሩ እጅግ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያደርሰዋል፤ ብዙ አፈር አይፈልግም፤ በጥቀርሻና በጠጠር መካከል ይበቅላል፤ የሚረግፈው ቅጠሉም በስብሶ ለሌላው ተክል አፈር ይሆናል። ከየአገሩ የሚመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ዛሬ የሚያነሱት ይህንኑ የዛገ ብረትና የለመለመ ቅጠል አንድነት ነው።

ጾልፈራይን በ2001 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሬንገር ፓች ገና አዲስ ሳለ ያነሳው የጉድጓድ 12 ማማ ዛሬም እንደ ቆመ ነው፤ የከሰል ፉርጎ ይመላለስበት በነበረው ሐዲድ መካከል ግን በርች በቅሎበታል።