ንጉሥ ፋይሰል፦ በሁለት ሚዛን ፊት የቆሙት መሪ

በመካ፣ ከካዕባ ጥቂት እርምጃ ርቃ የምትገኘው የሳፋ ኮረብታ በእስልምና ታሪክ የአዋጅ ስፍራ ናት። ነቢዩ ሙሐመድ ጥሪያቸውን ለመካ ሰዎች በይፋ ያሰሙት ከእርሷ ላይ ቆመው እንደሆነ የታሪክ መጻሕፍት ይተርካሉ። ይህችን ጥንታዊ ከተማ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለዐሥርት ዓመታት በእንደራሴነት ያስተዳደሩት ፋይሰል ቢን አብዱልአዚዝም በሕይወታቸው ዘመን የገጠማቸው ዐቢይ ፈተና የመናገርና የመሰማት ፈተና ነበር። አንዱ ሕግ ለኃያሉና ለደካማው በተለያየ ሚዛን ሲሠራ፣ የዓለም ዜናም ያንኑ ሚዛን ሲከተል፣ በቅርብ ተመልክተዋል።

ፋይሰል የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1906 በሪያድ ነው። እናታቸውን በጨቅላነታቸው ስላጡ ያሳደጓቸው በዘመኑ ከታወቁት የሃይማኖት ሊቃውንት አንዱ የነበሩት የእናታቸው አባት ናቸው። በ1919፣ ገና በአሥራ ሦስት ዓመታቸው፣ አባታቸውን ንጉሥ አብዱልአዚዝን ወክለው ወደ ለንደን ተላኩ። በ1926 የሂጃዝ እንደራሴ፣ በ1930 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። መንግሥቱ ለሁለቱ ከተሞች የተለያየ ሥራ ሰጥቷቸው ነበር፤ መካ የአስተዳደሩ መቀመጫ ስትሆን፣ የባሕር በሯ ጂዳ የውጭ አገር መልእክተኞች የሚያርፉባት ከተማ ነበረች። ፋይሰል በሁለቱ መካከል እየተመላለሱ በአንደኛው ሐጃጆችን፣ በሌላኛው ዲፕሎማቶችን ያስተናግዱ ነበር።

በሚኒስትርነታቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከቀይ ባሕር ማዶ የሆነው ነገር ለደካማ አገሮች ሁሉ ትምህርት ነበር። በኦክቶበር 1935 የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረጀ፤ ማዕቀብም ጣለ። ይሁንና ከማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ነዳጅ አልገባም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም። የሮም ጋዜጦች ወረራውን የሥልጣኔ ተልእኮ እያሉ ሲያወድሱ፣ በኢትዮጵያ ወታደሮችና ገበሬዎች ላይ የመርዝ ጋዝ ይዘንብ ነበር። በጁላይ 1936 ማኅበሩ ያንኑ የተሸራረፈ ማዕቀብ አነሣ። ሕጉ ተጽፎ ነበር፤ የተጻፈው ግን ለሁሉም እኩል አልሠራም።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዓለም አዲስ ተስፋ አገኘ። በፌብሩዋሪ 1945 ንጉሥ አብዱልአዚዝ ከጂዳ ወደብ በአሜሪካ የጦር መርከብ ተሳፍረው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በግብፅ ውኃ ላይ ተገናኙ። ሩዝቬልት በአፕሪል ወር በጻፉት ደብዳቤ፣ በፍልስጤም ጉዳይ ዐረቦችን ሳያማክሩ መሠረታዊ ውሳኔ እንደማይወሰንና በዐረብ ሕዝብ ላይ የጠላትነት እርምጃ እንደማይወስዱ አረጋገጡ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። በዚያው ዓመት ፋይሰል በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር በአገራቸው ስም ፈረሙ። ኢትዮጵያም ከመሥራች ፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች።

የቻርተሩ ቀለም ሳይደርቅ ፈተናው መጣ። በኖቬምበር 1947 ጠቅላላ ጉባኤው በፍልስጤም ክፍፍል ላይ ሲመክር የሳዑዲን ልዑካን የመሩት ፋይሰል ነበሩ። በወቅቱ ከአገሩ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ዐረብ ሲሆን፣ ዕቅዱ ግን ከመሬቱ ከግማሽ በላዩን ለአይሁድ መንግሥት ይመድብ ነበር። የድምፅ አሰጣጡ ለጥቂት ቀናት ዘገየ፤ በእነዚያም ቀናት በትናንሽ አገሮች ላይ ከዋሽንግተን በኩል ብርቱ ግፊት ተደረገ። ዕቅዱን እንደምትቃወም በጉባኤው ፊት ተናግራ የነበረችው ፊሊፒንስ በመጨረሻ ደገፈችው። ኖቬምበር 29 በ33 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት አንዷ ነበረች። የዐረብ ልዑካን አዳራሹን ጥለው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ በተከተለው ጦርነት 700,000 ያህል ፍልስጤማውያን ከቀያቸው ተፈናቀሉ።

የኒውዮርኩ ድምፅ ሌላም ነገር ገለጠ። ያን ጊዜ ለአብዛኛው ዓለም ዜና የሚያከፋፍሉት በለንደን፣ በፓሪስ፣ በኒውዮርክና በሞስኮ የተቀመጡ ጥቂት ድርጅቶች ነበሩ። በመካ የሚታተም ጋዜጣ እንኳ ስለ ጎረቤት አገር ሲጽፍ ዜናው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በአውሮፓ በኩል ዞሮ ነው። ስደተኛው ማን እንደሆነ፣ አማፂው ማን እንደሆነ፣ ጦርነቱን ማን እንደጀመረ የሚሰይመው ዜናውን የሚልከው ነው። የስም ዳኝነት ደግሞ ከፍርዱ ይቀድማል።

ለዚህ የተሰጠው መልስ ዓመታት የፈጀ ዝግ ያለ ሥራ ነበር። በ1949 የጂዳ ሬዲዮ ሥርጭት ጀመረ። ፋይሰል በኖቬምበር 1964 በንጉሥነት ከተተኩ በኋላ በ1965 ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ ይህም በወግ አጥባቂዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ቀሰቀሰ። በኦገስት 1969 አንድ አውስትራሊያዊ የአል-አቅሳን መስጊድ ካቃጠለ በኋላ የእስልምና አገሮች መሪዎች በራባት ተሰበሰቡ። በማርች 1970 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ በጂዳ ተገናኝተው የጋራ ጽሕፈት ቤታቸውን በዚያው ከተማ ለማቋቋም ወሰኑ። በ1972 ደግሞ መቀመጫው ጂዳ የሆነ ዓለም አቀፍ የእስልምና ዜና አገልግሎት እንዲመሠረት ተስማሙ። ዓላማው አባል አገሮች ስለራሳቸው የሚወራውን ራሳቸው እንዲያወሩ ነበር።

ሆኖም የተዛባ ሚዛን የምዕራቡ ብቻ አልነበረም። ፋይሰል ይህንንም በራሳቸው ላይ አይተዋል። በየመን የእርስ በርስ ጦርነት ሳዑዲ ዐረቢያ ንጉሣውያኑን፣ ግብፅ ደግሞ ሪፐብሊካኑን ትደግፍ በነበረበት ዘመን፣ የካይሮው የዐረቦች ድምፅ ሬዲዮ ንጉሡን ያለማቋረጥ ያብጠለጥል ነበር። የግብፅ አውሮፕላኖች በየመን መንደሮች ላይ የመርዝ ጋዝ መጣላቸውን የሚያመለክት ማስረጃ በ1967 የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ቢያገኝም፣ ዓለምም ሆነ የዐረቡ ጋዜጣ አብዝቶ ዝም አለ። ያው ሬዲዮ በጁን 1967 የግብፅ አየር ኃይል በመሬት ላይ ሳለ በወደመበት ሰዓት ድል እያበሰረ ነበር። ሐሰቱ ሲገለጥ ከሽንፈቱ ያልተናነሰ ሐዘን በአድማጩ ላይ ወደቀ።

የ1967ቱ ጦርነት ካበቃ በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 242ን አጸደቀ። ውሳኔው መሬትን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት እንደሌለው ቢደነግግም ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይፈጸም ቆየ። በኦክቶበር 6 ቀን 1973 ግብፅና ሶርያ የተያዘባቸውን ምድር ለማስመለስ ጦርነት ከፈቱ። ሶቪየት ኅብረት ለእነርሱ፣ አሜሪካ ለእስራኤል መሣሪያ በአውሮፕላን ያጓጉዙ ጀመር። ኦክቶበር 19 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለእስራኤል 2.2 ቢሊዮን ዶላር የጦር እርዳታ ጠየቁ። በማግስቱ ፋይሰል ወደ አሜሪካ የሚላከውን ነዳጅ አቋረጡ። በ1935 ከማዕቀቡ የተረሳው ሸቀጥ አሁን ራሱ ማዕቀብ ሆነ።

የምዕራቡ ጋዜጦች እርምጃውን ዓለምን አንቆ መያዝ ብለው ሰየሙት። በካርቱኖቻቸው ላይ ዐረቡ ስግብግብ ሼኽ ሆኖ ተሣለ። አሜሪካ ከ1962 ጀምሮ በኩባ ላይ የጣለችው ማዕቀብ ግን በእነዚያው ገጾች የውጭ ፖሊሲ ይባል ነበር። ድርጊቱ ተመሳሳይ ሲሆን ስሙ የተለየው በአድራጊው ማንነት ነው። በዓመቱ መጨረሻም አንድ ታላቅ የአሜሪካ መጽሔት ፋይሰልን የ1974 የዓመቱ ሰው አድርጎ መረጣቸው፤ ጆሮ ያገኙት ነዳጁ ከተቋረጠ በኋላ ነበር።

ይህ ድል ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ከከፋዮቹም ብዙዎቹ በጉዳዩ እጃቸው የሌለ ድሆች ነበሩ። የነዳጅ ይፋ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከበርሜል 3 ዶላር ገደማ ወደ 11.65 ዶላር አሻቀበ። ኢትዮጵያ በዚያው ኦክቶበር ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት ብታቋርጥም ከዋጋው አላመለጠችም። በፌብሩዋሪ 1974 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ አድማውም ዙፋኑን ከጣለው አብዮት መነሻዎች አንዱ ሆነ። ማዕቀቡ ከመታወጁ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ የብሪታንያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳይቶ ነበር። የአገሩ መገናኛ ብዙኃን የራሳቸውን ወገን ሞት ሸፍነው በቆዩበት ወቅት እውነቱ ከባዕድ ካሜራ መጣ። ከሩቅ የመጣ ዜና ሁሉ ጠላት፣ ከቅርብ የተነገረ ሁሉ እውነት አለመሆኑን ወሎ ይመሰክራል።

ማዕቀቡ በማርች 1974 ተነሣ፤ በ1967 ከተያዘው ምድር አብዛኛው ግን አልተመለሰም። ፋይሰልም እንከን አላጡም። ጽዮናዊነትንና ኮሚኒዝምን እንደ አንድ ሤራ መቁጠራቸው በምዕራቡ ዘንድ ሊሰማቸው የፈቀደውንም ያርቅ ነበር፤ በአገራቸው ውስጥም ጋዜጣ መንግሥትን የሚሞግትበት ቦታ ጠባብ ነበር።

በማርች 25 ቀን 1975 በሪያድ እንግዶችን በሚቀበሉበት አዳራሽ የወንድማቸው ልጅ በጥይት ገደላቸው። የገዳዩ ወንድም ከዓመታት በፊት ቴሌቪዥንን በመቃወም በተነሣ ግጭት በጸጥታ ኃይሎች የተገደለ ነበር፤ ብዙዎችም ሁለቱን ሞት ያያይዟቸዋል።

ሪያድ ውስጥ በአል-ዑድ መቃብር አረፉ። ያሸነፉበት ነዳጅ በወራት ውስጥ እንደገና መፍሰስ ጀመረ። ያልተዘጋው ጥያቄ ግን ከእርሳቸው በኋላም ቀጠለ፤ ሚዛን ሲጓደልበት የሚጮኸው፣ ሚዛኑ በእጁ ሲገባ ለሌላው ያቀናዋልን? ፋይሰል በ1947 በአንዱ ወገን፣ በ1973 በሌላው ወገን ቆመው ይህን ጥያቄ በሁለቱም በኩል ኖረውበታል።