የዶሎሬሱ ቄስና የሜክሲኮ የነጻነት ደወል

ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1753 በጓናኋቶ ምድር፣ አባታቸው በሚያስተዳድሩት ሰፊ እርሻ ላይ ተወለዱ። ክህነት ተቀብለው የተማሩበትን ኮሌጅ እስከ መምራት ደርሰዋል። ስማቸው የገነነው ግን በ1803 በሄዱባት የዶሎሬስ ደብር ነው።

ቄሱ በዚያ የግብርና መምህርም ነበሩ። ድኻውን ምእመን ንብ ማነብ፣ የሐር ትል ማርባት፣ ሸክላ መሥራትና ቆዳ ማልፋት አስተማሩ። ወይንና የዘይት ወይራም ተከሉ። ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ የስፔን ዘውድ ከባሕር ማዶ የሚልከው የወይን ጠጅና ዘይት ገበያ እንዳያጣ የሁለቱን ተክሎች ልማት በቅኝ ግዛቱ ገድቦ ነበርና። ገበሬው የሚተክለውን ሌላ ሲወስንለት ቅሬታው ከማሳው መጀመሩ አይቀርም።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1810 ንጋት ላይ የደብሩን ደወል አስደውለው ሕዝቡን ለዐመፅ ጠሩ። አቶቶኒልኮ ሲደርሱ፣ በዓሏ በየዓመቱ ዲሴምበር 12 የሚከበረውን የጓዳሉፔ እመቤታችንን ሥዕል ዓርማቸው አደረጉ። ጓዳላሃራ ላይም ባርነትን የሚሽር ዐዋጅ አወጡ። የገበሬው ጦር ግን በጃንዋሪ 1811 በካልዴሮን ድልድይ ድል ሆነ። ቄሱ ክህነታቸው ተገፎ ጁላይ 30 ቀን በቺዋዋ ተረሸኑ፤ የተቆረጠው ራሳቸው በጓናኋቶ የእህል ጎተራ ማዕዘን ላይ እስከ 1821፣ ነጻነት እስከ መጣበት ዓመት፣ ተሰቅሎ ቆየ።

ደወሉ በ1896 ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተወስዷል። በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ፣ ሴፕቴምበር 15 ሌሊት፣ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት አደባባይ በሞላው ሕዝብ ፊት ይደውሉታል።