ናይል ከየት ይነሳል? ትክክለኛውን መልስ ያለ በቂ ማስረጃ ይዞ የተመለሰው ጆን ስፒክ

ከዛሬዋ የደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ አቅራቢያ፣ በነጭ አባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጎንዶኮሮ የሚባል ስፍራ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ጣቢያ ነበር። ከካርቱም ሽቅብ የሚመጡ ጀልባዎች ጉዟቸው እዚህ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙን ቋጥኝና ፏፏቴ ይዘጋዋል።

እአአ በየካቲት 1863 ሁለት የተጎሳቆሉ ብሪታኒያውያን ከደቡብ በኩል ጎንዶኮሮ ደረሱ። አንደኛው ጆን ሃኒንግ ስፒክ፣ ሌላው ጄምስ ግራንት ነበሩ።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። የጥቁር አባይ መነሻ ጎጃም ውስጥ ግሽ ዓባይ መሆኑ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አልነበረም። የነጭ አባይ መነሻ ግን የአውሮፓን የመልክዓ ምድር ሊቃውንት ሲያከራክር ኖሯል።

እአአ በ1827 እንግሊዝ ውስጥ የተወለደው ስፒክ፣ ሕንድ ውስጥ በጦር መኮንንነት አገልግሏል። እአአ በ1858 ከሪቻርድ በርተን ጋር በምሥራቅ አፍሪካ ሲጓዝ በርተን ታመመ። ስፒክ ወደ ሰሜን ዘልቆ ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ደረሰና ቪክቶሪያ አለው፤ የዳርቻው ነዋሪዎች ግን ቀድሞም የራሳቸው ስም ነበራቸው።

ዋና መሣሪያው ቴርሞሜትር ነበር። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና፣ ስፒክ ውሃ እያፈላ የሐይቁን ከፍታ ለካ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,134 ሜትር ገደማ ነው፤ የእርሱም ስሌት ከዚህ እምብዛም አልራቀም። ውሃው ቁልቁል ወደ ጎንዶኮሮ ሊወርድ እንደሚችል ይህ ልኬት አጠናከረለት።

እአአ በሐምሌ 1862 ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበትን ፏፏቴ አየ። ነገር ግን በአካባቢው ሰላም ስላልነበረ ወንዙን እስከ መጨረሻው አልተከተለም፤ በየብስ አቋርጦ ሄደ። ወደ ታች ያገኘው ወንዝ ከፏፏቴው የወጣው ለመሆኑ የዓይን ማስረጃ አልያዘም። በርተን ይህችን ክፍተት አልማረለትም።

ጎንዶኮሮ ላይ ስፒክና ግራንት ከሳሙኤልና ከፍሎረንስ ቤከር ጋር ተገናኙ። ስፒክ በወሬ ብቻ ስለሚያውቀው ሌላ ሐይቅ በልግስና ነገራቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ደረሱበት፤ አልበርት የተባለው ነው።

ስፒክና በርተን እአአ መስከረም 16/1864 ባዝ ከተማ ውስጥ በአደባባይ ሊከራከሩ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። በዋዜማው ስፒክ ለአደን ወጥቶ ሳለ በገዛ ጠመንጃው ተመትቶ በ37 ዓመቱ ሞተ። መርማሪዎች አደጋ ነው ቢሉም ጥርጣሬው አልጠፋም።

እአአ በ1875 ሄንሪ ስታንሊ ሐይቁን በጀልባ ዞሮ ስፒክ ትክክል እንደነበር አሳየ። ስፒክ ያየው ፏፏቴ ግን ዛሬ አይታይም፤ እአአ በ1954 የኦወን ፏፏቴ ግድብ ሲጠናቀቅ በውሃ ተውጧል።