አካልንም ነፍስንም፦ የአቡ ዘይድ አል-በልኺ ሕይወት

በዚህ ዕትም የምናነሳቸው ዓሊም አቡ ዘይድ አሕመድ ኢብኑ ሰህል አል-በልኺ (ረሒመሁሏህ) ናቸው። በ235 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ በዛሬዋ አፍጋኒስታን፣ ከበልኽ ከተማ አጠገብ ሻሚስቲያን በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሕፃናትን ያስተምሩ ነበር፤ እርሳቸውም መጀመሪያ የያዙት ይህንኑ ሥራ ነው። ከዚያም ዒልም ፍለጋ ከሑጃጆች ጋር በእግራቸው ወደ ዒራቅ ወጡ። እዚያ ስምንት ዓመት ቆይተው ከዲኑ ትምህርት ጋር ፍልስፍናና ሕክምና ቀስመው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ያቁት አል-ሐመዊ በጻፈው ታሪካቸው ፊታቸው የፈንጣጣ ጠባሳ እንደነበረበት፣ ዝምተኛና ግርማ ያላቸው ሰው እንደነበሩ እናነባለን። የአካል ሕመምን በወሬ ብቻ የሚያውቁት አልነበሩም።

«መሳሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለው ኪታባቸው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ መኖሪያ፣ አየር፣ ውሃ፣ ምግብ፣ እንቅልፍና የሰውነት እንቅስቃሴ ያስተምራል። ሁለተኛው ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን አንድ በአንድ ያያል። የዘመናቸውን ሐኪሞች የወቀሱት ነፍስን ትተው አካልን ብቻ ስለሚያክሙ ነው። እንደ እርሳቸው ትምህርት፣ አካል ሲታመም ነፍስ በደንብ ማሰብ ይሳናታል፤ ነፍስ ስትጨነቅ ደግሞ አካል ደስታ ያጣል፣ ሕመምም ሊከተለው ይችላል።

ሐዘንንም ለሁለት ከፍለውታል። ምክንያቱ የታወቀው በመልካም ምክርና በሐሳብ ይታከማል። ምክንያቱ የማይታወቀውን ግን ከደም የሚነሳ ነው ብለው አካልን ማከምን መክረዋል። የደሙ ነገር የዘመናቸው ሕክምና ነው፤ ድብርት ከአካልም ሊነሳ እንደሚችል ማስተዋላቸው ግን ዛሬም ይጠቅመናል። ደግሞም ሰው ለድንገተኛ ሕመም ቤቱ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋ ጊዜ የሚያጽናና ሐሳብ እንዲያጠራቅም አስተምረዋል። በ322 ዓመተ ሂጅራ ወደ አኼራ ሄዱ።

ወንድሞችና እህቶች! በፈተና ሰሞን ጨጓራችን ሲነሳ መድኃኒት እንገዛለን፤ እንቅልፍ የነሳንን ጭንቀት ግን የኢማን ድክመት ነው እንዳይባል እንደብቃለን። ዱዓችንን ሳንተው ሁለቱንም ለሐኪም እንንገር። የዶርም ጓደኛችሁም ወገቤን አመመኝ ካላችሁ፣ ልቡስ እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያውን ይስጣቸው።