ቅዱስ ባስልዮስ፦ የወጣትነት ምኞቱን የመረመረ አባት

ልጆች ሳለን ታላቅ ሰው ለመባል ያልተመኘን ጥቂቶች ነን። ዕድሜያችን ሲገፋ ግን ያ ምኞት ምን ያህሉ ለእግዚአብሔርና ለባልንጀራችን፣ ምን ያህሉስ ለገዛ ስማችን እንደ ነበረ ልንመረምር ይገባናል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ በተሰየመው ቅዳሴ የምታስበው፣ ጥር 6 ቀንም ዕረፍቱን የምታከብርለት ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ምርመራ ገና በወጣትነቱ ያደረገ አባት ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ከደጋግ ክርስቲያኖች ተወለደ። አባቱ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። ልጁም በዚሁ መንገድ ሄዶ በቂሣርያና በቁስጥንጥንያ፣ ከዚያም ከወዳጁ ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋር በአቴና ተማረ። ወደ አገሩ የተመለሰውም በዕውቀቱ የተመሰገነ ሊቅ ሆኖ ነው።

ታላቅ እኅቱ ቅድስት ማክሪና ግን ወንድሟ በትምህርቱ እንደ ታበየ፣ ሹማምንቱን ሳይቀር እንደ ናቀ አስተዋለች። ዝም አላለችውም፤ ከዓለማዊ ክብር የሚበልጠውን ሕይወት አመለከተችው። እርሱም ተግሣጿን አልናቀም። በኋላ ዘመን በመልእክቱ እንደ መሰከረው፣ ከከባድ እንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው ነቅቶ በከንቱ ስላለፈው ጊዜው አለቀሰ። ተጠመቀ፤ በግብፅ፣ በፍልስጥኤም፣ በሶርያና በመስጴጦምያ ያሉ መነኮሳትን ጎበኘ፤ ተመልሶም በጸሎትና በሥራ ተወስኖ ኖረ።

ይሁን እንጂ የተማረው ትምህርት አልባከነም። በ369 ገደማ በቂሣርያ ጽኑ ረኀብ በሆነ ጊዜ በዚያው የንግግር ጥበቡ የባለጠጎችን ጎተራ አስከፈተ፤ ራሱም ታጥቆ የተራቡትን መገበ። በ370 ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ከከተማው ውጭ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠለያ አሠራ፤ የለምጽ ደዌ ያለባቸውንም ተቀበለ። በአርዮሳዊው ንጉሥ በቫሌንስ ፊትም ስለ ሃይማኖቱ ጸና። በ379 ዐረፈ።

ምእመናን ሆይ፣ ባስልዮስ ጥበቡን አልጣለም፤ የጥበቡን ዓላማ ግን ለወጠ። እኛም መምህር፣ ሐኪም ወይም ነጋዴ ሆነን እንደሆነ ሙያችን ማንን እንደሚያገለግል እንጠይቅ። የተመኘነውን ያላገኘንም ብንሆን ለባልንጀራችን የምናደርገው በጎ ሥራ ከእጃችን አልጠፋም። ከቤታችን እንደ ማክሪና በፍቅር የሚገሥጸን ሰው ቢነሣም ሳንቈጣ እንስማው።

የአባታችን የቅዱስ ባስልዮስ በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።