ለሌዘር ሠላሳ ዓመት የተሟገተው ጎርደን ጉልድ

ዛሬ ብረትን በጨረር መብሳት፣ መቁረጥና መበየድ የፋብሪካ የዘወትር ሥራ ነው። በ1920 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ የተወለደው ጎርደን ጉልድ ግን ለዚህ ፈጠራ ባለቤትነት ሠላሳ ዓመት ያህል ተሟግቷል።

በ1957 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ሐሳቡን «ሌዘር» ከሚለው ስም ጋር በደብተር ጽፎ በሕግ አስመሰከረ። ይሁንና ፓተንት ለመጠየቅ መጀመሪያ መሣሪያውን መሥራት ግድ መስሎት እስከ 1959 ቆየ። ታውንስና ሻውሎ በ1958 ቀድመውት ስላመለከቱ በ1960 ፓተንቱን ወሰዱ።

ጉልድ እጅ አልሰጠም። የሙግቱን ወጪ ለመሸፈን የወደፊት ገቢውን ድርሻ ሸጠ። በ1977 የመጀመሪያውን ትልቅ የሌዘር ፓተንት አገኘ። በ1979 ደግሞ ቁስን በጨረር ማሞቅንና ማትነንን፣ ማለትም ብረት መብሳትንና መበየድን የሚመለከተው ተጨመረለት። አምራቾች አንከፍልም ቢሉም በ1987 ፍርድ ቤት ረታ።

የሚገርመው መዘግየቱ መጥቀሙ ነው። የፓተንቱ 17 ዓመት የሚቆጠረው ከተሰጠበት ቀን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሌዘር በየፋብሪካው ገብቷል። ጉልድ በ2005 ሲሞት ሀብታም ነበር።

ዛሬ ቢሆን ግን ደብተሩ ባላዳነው። አሜሪካ ከ2013 ወዲህ ቅድሚያ የምትሰጠው ቀድሞ ላሰበ ሳይሆን ቀድሞ ላመለከተ ነው። ሐሳብ ያለው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ያመልክት።