ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንና የነርሷ አውሮፕላን

ብዙዎቻችን በጉለሌ መካነ መቃብር በኩል ስንት ጊዜ አልፈናል። እዚያ ስላረፉት ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ግን አናውቅም ነበር። ስለ ማይጨው ስንማርም ስማቸውን ያነሳልን መምህር አልነበረም።

ጆን ሮቢንሰን ያደጉት ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ጋልፍፖርት ነው። ቱስኬጊ የመኪና ጥገና ተምረው ቺካጎ ገቡ። የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ጥቁር በመሆናቸው አልቀበልም ሲላቸው እዚያው በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ክፍሉን እየጠረጉ ትምህርቱን ያዳምጡ ነበር። በኋላ ተቀብሏቸው ተመረቁ፤ ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋርም የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ።

ማኅበሩ አውሮፕላን አልነበረውም። አውሮፕላኑን በ600 ዶላር የገዙለት ጃኔት ብራግ የተባሉ ነርስና የማኅበሩ አባል ናቸው። እኛ ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ማለታችን አልቀረም። ዘመኑ አሜሪካ በሥራ ማጣት የተመታችበት ነው፤ ያንን ገንዘብ ያወጡት ከነርስ ደመወዝ ነው። የእሳቸው ስም ደግሞ ከሮቢንሰንም ይበልጥ ተረስቷል።

በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ተጠርተው ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አድዋን በቦምብ ስትደበድብ እዚያው ከተማ ነበሩ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነው፣ መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አውሮፕላኖች የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት ወደ ጦር ግንባር ያደርሱ ነበር። የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች ሲያሳድዷቸው ማምለጫቸው ተራራና ደመና ብቻ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አገራቸው ሲገቡ በቺካጎ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። የአሜሪካ ጦር ግን ገና ጥቁር አብራሪ አይቀበልም ነበር። የቱስኬጊ አብራሪዎች ዝና የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የእሳቸው ውለታ ለሌላ አገር የተዋለ በመሆኑ በሁለቱም አገር መዝገብ ሳይጠቀስ የቀረ ይመስለናል።

በ1936 ዓ.ም. ተመልሰው ወጣት ኢትዮጵያውያንን አብራሪነት አስተማሩ። ቁጡም ነበሩ፤ ከስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን ጋር ክፉኛ ተጣልተው ከአየር ኃይሉ ለቀቁ። አገሩን ግን አልለቀቁም። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታማሚ የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ተከሰከሰ። በደረሰባቸው ቃጠሎ መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ።

ለጉለሌ ቅርብ የሆናችሁ እህቶች በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ማግስት አብረን መቃብራቸውን እንጎበኛለን፤ አበባ ለመግዛት ከየሰዉ 20 ብር ይበቃል።